ከአልቲና እስከ አሥራ ስምንተኛው ልደት

ቤልግሬድ ውስጥ የሬድ ስታርና የፓርቲዛን ስታዲየሞች ጎረቤታሞች ናቸው። ከአንዱ ደጃፍ ተነስቶ ሌላው ደጃፍ ለመድረስ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው እንኳ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። በ2025 ጥቅምት ላይ ያንን መንገድ በእግሬ ሄድኩት (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የማን ግዛት ውስጥ እንዳሉ የሚነግርዎት የአጥሩና የግድግዳው ቀለም ነው። ቀይና ነጩ ሲያበቃ ጥቁርና ነጩ ይጀምራል። የሬድ ስታር ሜዳ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ወደ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ግዝፈቱ አይታወቅም። በአንጻሩ ደጋፊዎቹ በ2019 አምጥተው በሩ አጠገብ ያቆሙት አሮጌ ታንክ ከሩቅ ይታያል። የፓርቲዛኑ ሁምስካ መንገድ ላይ ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ሲሚንቶው የተላላጠ፣ ዛፍ የከበበው ስታዲየም።

ሁለቱም ክለቦች የተመሠረቱት በ1945 ነው፣ የዓለም ጦርነቱ ባበቃበት ዓመት። ፓርቲዛን የጦር ሠራዊቱ ቡድን ሆኖ ተወለደ። ሬድ ስታር በ1991 ባሪ ላይ ማርሴይን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። በዚያው ዓመት ዩጎዝላቪያ መፍረስ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ክለቦች ታሪክ በአብዛኛው ልጅ አሳድጎ የመሸጥ ታሪክ ነው። ይህን ስል ለነቀፋ አይደለም። ብዙ ገንዘብ በሌለበት ሊግ ውስጥ ቡድን ቆሞ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

እዚያ የሄድኩት የአንድን አጥቂ የልጅነት ዓመታት ለማየት ነው። ዱሻን ቭላሆቪችን አንባቢ በጁቬንቱስ ማልያ ያውቀዋል። እኔን የሳበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። አንድ ልጅ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያን ሁሉ ጩኸት ከሰማ በኋላ፣ ስሙ ከጠፋበት ዘመን እንዴት ተረፈ?

ጥር 28 ቀን 2000 ቤልግሬድ ተወለደ። የካቲት 2016 ላይ የፓርቲዛን አሠልጣኝ ኢቫን ቶሚች ከኦ.ኤፍ.ኬ. ቤልግሬድ ጋር በተደረገ ጨዋታ ቀይሮ አስገባው። ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ በዚያው ወር መጨረሻ፣ ሰርቦች «ዘላለማዊው ደርቢ» በሚሉት የፓርቲዛንና የሬድ ስታር ግጥሚያ ላይ ወደ ሜዳ ገባ። ዕድሜው አሥራ ስድስት ዓመት ከአንድ ወር ነበር። በደርቢው ታሪክ ከእሱ በፊት ያን ያህል ልጅ ሆኖ የተጫወተ የለም። ያን ቀን ያሸነፈው ሬድ ስታር ነው።

ስታዲየሞቹ አጠገብ ቆሜ ያንን ቀን ለማሰብ ሞከርኩ። ደርቢ ሲሆን የፓርቲዛን ደጋፊዎች ደቡቡን፣ የሬድ ስታሮቹ ሰሜኑን ይይዛሉ። ችቦው ይለኮሳል፣ ጭሱ ሜዳው ላይ ይወርዳል፣ ጨዋታው ለደቂቃዎች የሚቆምበት ጊዜ አለ። በአገራችን የቡናንና የጊዮርጊስን ጨዋታ ያየ ሰው ደጋፊ ምን ያህል እንደሚጮህ ያውቃል። የቤልግሬዱ ግን ከጩኸቱ ሌላ ፖሊስ በመደዳ የሚቆምበትና ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ የሚያመነቱበት ነው። እዚያ መሃል አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ 9 ቁጥር ለብሶ ቆሟል። ባላጋራዎቹ ተከላካዮች በዕድሜ አጎቶቹ የሚሆኑ ናቸው። ይህን እንደ ዕድል ብቻ ማየት ይከብደኛል፤ ለአንድ ልጅ ትከሻ ከባድ ሸክም ነው።

የመጣበትን ሰፈር ለማየት ከዜሙን አውቶቡስ ያዝን። የቤልግሬድ የከተማ አውቶቡስ ከ2025 መጀመሪያ ወዲህ በነፃ ነው፤ ትኬት የሚጠይቅ የለም። አብሮኝ የነበረው ሰርቢያ ለገለልተኛ አገሮች ተማሪዎች በምትሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ሄዶ እዚያ ኢንጂነሪንግ የሚማር የባህር ዳር ልጅ ነው። ቋንቋውን አቀላጥፎ ይናገራል። «ጋሼ፣ ወደዚህ ሰፈር እንግዳ ይዤ መጥቼ አላውቅም» አለኝ። ዜሙን ዳኑብ ዳር ያለች ያረጀች ከተማ ነበረች፣ ዛሬ የቤልግሬድ አካል ናት። የቭላሆቪች ሰፈር አልቲና ከመሃሏ ራቅ ብሎ በዳር በኩል ይገኛል። በ1990ዎቹ ጦርነት ከክሮኤሺያና ከቦስኒያ የተፈናቀሉ ብዙ ሰርቦች ሰፍረውበታል። ገና ልስን ያልነካቸው፣ ቀይ ጡባቸው የሚታይ ፎቆች አሉ። የምድር ቤቱን ሠርተው ከገቡበት በኋላ ገንዘብ ሲገኝ ሁለተኛውን ፎቅ የጨመሩ ሰዎች ቤት እንደሆነ ከመልኩ ይታወቃል። አዲስ አበባ ዳር ዳር ያሉትን ሰፈሮች ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ቭላሆቪች ኳስ የጀመረው በዚህ ሰፈር ስም በሚጠራ የልጆች ቡድን ነው። ከዚያ ወደ ኦ.ኤፍ.ኬ. ቤልግሬድ፣ ቀጥሎ ወደ ሬድ ስታር ታዳጊዎች ሄደ፤ ፓርቲዛን የደረሰው በመጨረሻ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገበት ተጋጣሚ በልጅነቱ ማልያውን የለበሰለት ክለብ መሆኑ ነው። ኦ.ኤፍ.ኬ. በዚያው በ2016 ከሊጉ ወረደ፤ ወደ ላይኛው ሊግ ለመመለስ እስከ 2024 ፈጀበት።

አመሻሽ ላይ በዚያ አካባቢ ካሉት ሜዳዎች አንዱ ላይ ልጆች ሲሠለጥኑ ቆመን አየን። ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፣ አንድ ጥግ ላይ ተነስቶ ተጣጥፏል። ከስምንት ዓመት የማይበልጥ አንድ ልጅ ጫማው ስለሰፋው ክሩን በሶሉ ሥር ሁለት ዙር አዙሮ አሰረው። አሠልጣኙ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ጀርባቸውን ለጎሉ ሰጥተው ኳስ እንዲቀበሉ ያደርጋል። ራሱ ከኋላ ይቆምና መዳፉን በልጁ ወገብ ላይ አድርጎ ይገፋዋል። ልጁ ዞር ብሎ እንዳያይ ተከልክሏል፤ ተከላካዩ በየት በኩል እንዳለ በክንዱ ዳስሶ ማወቅ አለበት። ኳሱ ሲመጣ ግፊቱ በቀኝ ከሆነ በግራ ይዞራል፣ በግራ ከሆነ በቀኝ። ባለ ሰፊ ጫማው ልጅ አራት ጊዜ ወደቀ። አሠልጣኙ አልተቆጣም፤ አንስቶ አቆመውና የግራ እግሩን በእጁ ይዞ ሣሩ ላይ ትንሽ አሰፍቶ አስቀመጠለት። በአምስተኛው ልጁ ዞረ።

ይህን አንድ ልምምድ ብቻ ሃያ ደቂቃ ያህል ደጋገሙት። ቭላሆቪችን በቴሌቪዥን ያየ ሰው የዚህን ልምምድ ፍሬ ያውቃል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90፣ ግራ እግረኛ፣ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ተከላካዩን በክንዱ እየመዘነ ኳስ የሚጠብቅ አጥቂ ነው። እነዚያን ሰዓታት ማንም አልቀረጻቸውም። ልምምዱ ሲያልቅ አሠልጣኙን በተማሪው በኩል አነጋገርኩት። ወላጆች በየወሩ እንደሚከፍሉ፣ መክፈል ያልቻለውን ልጅ ግን እንደማይመልስ ነገረኝ። «ሁሉም 9 ቁጥር ይፈልጋል» አለ፤ «በረኛ መሆን የሚፈልግ ካገኘሁ እኔ እከፍለው ነበር።» እኛ ዘንድ ሰርቢያዊ አሠልጣኝ ሲባል ቅዱስ ጊዮርጊስን ያሠለጠነው፣ በ2011 ዋልያዎቹን የያዘው ሚሉቲን ስሬዶዬቪች፣ ሚቾ፣ ቶሎ ይታወሳል። እንደ እሱ አህጉር ያቋረጡት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት እንደዚህ ሰው በሰፈር ሜዳ ላይ ናቸው፤ የአገሪቱን እግር ኳስ ያቆሙትም እነሱ ይመስሉኛል። በ2022 ቆጠራ ሕዝቧ 6.6 ሚሊዮን ገደማ የሆነ አገር በ2015 ኒውዚላንድ ላይ ብራዚልን በተጨማሪ ሰዓት 2 ለ 1 አሸንፋ ከሃያ ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን የወሰደችው ያለ እነሱ አልነበረም።

ወደ ልጁ ልመለስ። ግንቦት 2016 ላይ ጎርኒ ሚላኖቫች በምትባል አነስተኛ ከተማ በተደረገው የሰርቢያ ዋንጫ ፍጻሜ ፓርቲዛን ያቮርን 2 ለ 0 ሲረታ ቭላሆቪች አንዱን ጎል አገባ። ወጣት ነው፣ ጎል አግቢ ነው፣ ዋንጫ አንስቷል። ጋዜጣው ሁሉ ስለ እሱ ጻፈ። ቀጥሎ የመጣው ዓመት ግን ሌላ ነበር። አሠልጣኙ ተቀየረ፤ በ2016/17 ፓርቲዛን ሊጉንም ዋንጫውንም ሲወስድ ልጁ ሜዳ ላይ የታየው አልፎ አልፎ ነው። በፓርቲዛን ዋና ቡድን በጠቅላላው ያገባው ሦስት ጎል ብቻ ነው። በ2017 ክረምት ከጣሊያኑ ፊዮረንቲና ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ ያም ሆኖ ወዲያው መሄድ አልቻለም።

ያገደው ሕግ ነው። የፊፋ የዝውውር ደንብ 19ኛ አንቀጽ ዕድሜው 18 ያልሞላ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር ይከለክላል። ሕፃናትን ከነጋዴ ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነው፤ እኔ እደግፈዋለሁ፣ አፍሪካውያን ልጆች በሐሰት ተስፋ ተወስደው አውሮፓ ጎዳና ላይ ሲጣሉ አይተናልና። ሕጉ ከፈቀዳቸው ጥቂት መውጫዎች አንዱ በአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ውስጥ ከ16 እስከ 18 ዓመት ላሉት የተሰጠው ነው። ሰርቢያ የኅብረቱ አባል አይደለችም። ጎረቤቷ ክሮኤሺያ በ2013 ገብታለች። ስለዚህ አንድ የዛግሬብ ልጅ በ16 ዓመቱ ጣሊያን ሄዶ አካዳሚ መግባት ሲችል፣ የቤልግሬዱ እኩያው ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

መጠበቁ ይጎዳል ወይስ ይጠቅማል? በቤልግሬድ የጠየቅኳቸው ሰዎች ይጎዳል ይላሉ። የተሻለ አሠልጣኝ፣ የተሻለ ሜዳ፣ የተሻለ ምግብ ሁለት ዓመት ዘግይቶ ይደርሳል ነው ክርክራቸው። እኔ እዚህ ላይ ከእነሱ እለያለሁ። ያ ሁለት ዓመት ባይኖር ኖሮ ቭላሆቪች በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከትልልቅ ሰዎች ጋር አይጫወትም ነበር፤ ጣሊያን ውስጥ ከእኩዮቹ ጋር የታዳጊ ሊግ ይጫወት ነበር። የሰርቢያ ሊግ ልጆችን ቶሎ ወደ ዋናው ቡድን የሚያወጣው ሌላ አቅም ስለሌለው ነው፤ ሕጉ ደግሞ እስከ 18 ድረስ እዚያው ያቆያቸዋል። ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል አንድ ዓይነት አጥቂ ይወጣል፦ ክርን የለመደ፣ የደጋፊ ስድብ የለመደ። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋም እንዳለ ግን አልክድም። ቶሎ ወጥተው ቶሎ የተረሱ ብዙዎች አሉ፤ ስማቸውን ዛሬ የሚያነሳው የሰፈራቸው ሰው ብቻ ነው።

ጥር 28 ቀን 2018 አሥራ ስምንት ሞላው። ፊዮረንቲና ሲደርስ የተቀበለው የታዳጊዎቹ ቡድን፣ ጣሊያኖች ፕሪማቬራ የሚሉት ነው። በብዙ ሺህ ሕዝብ ዓይን ሥር ደርቢ ለተጫወተ ልጅ ይህ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ዋናው ቡድን ያን ጊዜ ሐዘን ላይ ነበር፤ አምበሉ ዳቪዴ አስቶሪ መጋቢት 2018 ላይ በሆቴል ክፍሉ ተኝቶ ሳለ አረፈ። በመስከረም 2018 ቭላሆቪች ከኢንተር ሚላን ጋር ሳን ሲሮ ላይ ተቀይሮ በመግባት የመጀመሪያውን የሴሪ አ ጨዋታ አደረገ። ጎል ግን አልመጣም። ሙሉውን የውድድር ዓመት አልመጣም።

የመጀመሪያዎቹ የሴሪ አ ጎሎቹ የተቆጠሩት ኅዳር 2019 ካልያሪ ላይ ነው፣ ሁለት ጎል፤ ቡድኑ ግን 5 ለ 2 ተሸንፎ ስለነበር ማንም አልጨፈረም። ከጎርኒ ሚላኖቫች የፍጻሜ ጎል እስከ ካልያሪ ሦስት ዓመት ተኩል አለፈ። ስለ ባለ ተሰጥኦ ልጆች ስንጽፍ የምንዘለው ይህን ነው። የ2016ቱን ጎል እንጽፋለን፣ የ2021ን የጎል ብዛት እንጽፋለን፤ በመካከሉ ልጁ በባዕድ አገር ቋንቋ እየተማረ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ እየተቀመጠ፣ ምናልባት ሁሉም ሰው ስለ እኔ ተሳስቶ ይሆን ወይ እያለ የሚያድርበትን ዘመን ባዶ ቦታ እናደርገዋለን። ቤልግሬድ ድረስ ከሄድኩበት ሁሉ የተረፈኝ ሐሳብ፣ ያ ዘመን ዋናው የሙያው ክፍል ነው የሚል ነው።

ከካልያሪው ጨዋታ አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 2019 በፊዮረንቲና ከተማ ፊሬንዜ ላይ፣ ኢንተር 1 ለ 0 እየመራ ጨዋታው ወደ ተጨማሪው ደቂቃ ገባ። ቭላሆቪች ኳሷን ይዞ ከመሃል ሜዳ አካባቢ ተነሳ። ስሎቫኪያዊው ተከላካይ ሚላን ሽክሪኒያር ጎን ለጎን ሮጠ፣ ገፋውም። ልጁ አልወደቀም። ክንዱን ዘርግቶ ሰውዬውን በርቀት ያዘው፣ ወደ ግብ ክልሉ ገባና በግራ እግሩ መታ። 1 ለ 1። ያንን ጎል ከጉዞው በኋላ እንደገና ሳየው ዓይኔ ያረፈው በክንዱ ላይ ነው።

የቀረው ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ አላስረዝመውም። በኅዳር 2020 ቼዛሬ ፕራንዴሊ ወደ ፊዮረንቲና ተመለሰና ልጁን በተከታታይ አሰለፈው፤ ተጫዋቹ ራሱ ለዚህ ሰው ያለውን ምስጋና በአደባባይ ተናግሯል። በ2020/21 በሊጉ 21 ጎል አገባ። በ2021 የዘመን ዓመት ደግሞ በሴሪ አ 33 ጎል አስቆጥሮ ክርስቲያኖ ሮናልዶ በ2020 ካስመዘገበው ጋር እኩል ሆነ። ጥር 28 ቀን 2022፣ ሃያ ሁለት ዓመት በሞላው ዕለት፣ ጁቬንቱስ በ70 ሚሊዮን ዩሮ ማስፈረሙን አስታወቀ፤ እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርስ ጭማሪም በውሉ ላይ አለ። የፊሬንዜ ደጋፊ አዘነ፣ ተቆጣም። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ያሳደጉትን ልጅ ለጁቬንቱስ መስጠት ለእነሱ ከሁሉ የከፋ ነው።

አሁን ወደ አልቲናው አሠልጣኝ የሚመልሰኝ አንድ ነገር አለ። በፊፋ ደንብ መሠረት አንድ ተጫዋች በክፍያ ሲዘዋወር ከገንዘቡ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ነው። ከሐምሌ 2020 ወዲህ ዝውውሩ በአንድ አገር ውስጥ ቢሆንም አሳዳጊው ክለብ የሌላ አገር ከሆነ ድርሻው ይታሰባል። ለ70 ሚሊዮን ዩሮ ዝውውር አንድ የሥልጠና ዓመት፣ በዝቅተኛው ስሌት እንኳ፣ 175 ሺህ ዩሮ ነው። ለሰፈር ቡድን ይህ አዲስ ሜዳ ማለት ነው። ከ12 ዓመት በፊት ላለው ጊዜ ግን ምንም አይታሰብም። ስምንት ዓመት ሳይሞላው ክንድ መዘርጋትና እግር ማስፋት ያስተማረው ሰው በስሌቱ ውስጥ የለም። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ የደንቡ የዕድሜ መነሻ ዝቅ ማለት አለበት።

ይህን የምጽፈው በአገራችን በየቀበሌው የ«ፕሮጀክት» ቡድን ይዛችሁ ልጆች ለምታሠለጥኑ ሰዎች ጭምር ነው። ደንቡ ለእናንተም የወጣ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ግን ምዝገባው በፌዴሬሽን ለተረጋገጠ ክለብ ነው፤ ከኅዳር 2022 ጀምሮ ፊፋ ይህን ክፍያ የሚያካሂደው የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ፣ የተጫዋች ፓስፖርት የሚባለውን፣ ከየአገሩ ፌዴሬሽን መረጃ አሰባስቦ ነው። ቡድናችሁን አስመዝግቡ። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ስሙን፣ የልደት ቀኑንና ከእናንተ ጋር የቆየበትን ጊዜ በጽሑፍ አስፍራችሁ ለፌዴሬሽኑ አስገቡ፤ ቅጂውንም እቤታችሁ አስቀምጡ።